ዛሬ አለ፣ ከርሞ የለም

ንቅሳተኛው የተገኘው በዝቅተኛው የሥራ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ግራ ጉንጩን በጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ነበር። ከፊት ለፊት ላየው ሰው ድካም ጥሎት ያንቀላፋ ይመስላል። ከኋላ ሲያዩት ግን ማጅራቱ ላይ ደም ደርቋል። ከእግሩ ሥር ደግሞ መርፌ የሚቀቀልበት ከባድ የብረት ድስት ወድቋል።

መርማሪው በራፉ ላይ ቆሞ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ለማያውቀው ሟች ነፍስ ዕረፍት ሳይለምን ሬሳ ቀርቦ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጆሮው» ነው የሚሉት፤ ሰው እስኪጨርስ ስለሚሰማ ነው። አለቆቹ ይህን ልማዱን ትዕግሥት አይሉትም፣ ዝግታ ይሉታል።

«ማን አገኘው?»

«ሚስቱ» አለች ሳጅኗ። «ጠዋት ልትከፍት መጥታ፣ ጉንጩን ብትዳብሰው በረዶ ሆኗል። ግን ጋሼ፣ ብዙ አይልፉ። ኮማንደሩ ገዳይዋን ይዘዋል።»

«እኔ ሳልመጣ?»

«የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ፊት ‹ወይ አጥፋልኝ ወይ አጠፋሃለሁ› ብላ ጮኻበት ወጥታለች። ማታ ደግሞ እዚሁ በር ላይ ቆማ ታይታለች።»

«ምኑን ነው የሚያጠፋላት?»

ሳጅኗ በአገጯ ግድግዳውን ጠቆመችው። በደማቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «የዓመት ንቅሳት! ዛሬ አለ፣ ከርሞ የለም።»

«እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?»

«የአክስቴ ልጅ ቅንድቧን ተነቅሳ ነበር፣ በሁለት ዓመት ይለቃል ተብላ።»

«ለቀቀላት?»

«ለቋል ጋሼ። ግን አለ። ብርቱካን መስሏል እንጂ አለ።»

መርማሪው ተነፈሰ። ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ በየደረሰበት እንደሚከተለው ገና አላወቀም።

ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን አየ። ስኳር የበዛበት ውሃ ፈስሶ የደረቀ ይመስል ስስ፣ የሚያጣብቅ ነገር ተለጥፎበታል፤ የሟች ጉንጭም ያረፈው እዚያው ላይ ነው። የደረቀው ነገር መሐል ክብ ክብ ባዶ ቦታዎች አሉ። ጠርሙሶች ቆመውበት የነበረ፣ ፈሳሹ በዙሪያቸው የሄደ፣ ከዚያ የተነሱ። ሌላ ስም የለሽ ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ባዶውን ወለል ላይ ተንከባሏል። ጓንት እስከ አፉ የሞላ ካርቶን መስታወቱ ሥር ተቀምጧል።

«እዚህ የነበሩት ጠርሙሶች የት ሄዱ?»

«የዓመት ቀለሙ ነበር አለች ሚስቱ። አሁን የለም።»

«ስባሪ አገኛችሁ?»

«አንዲትም።»

---

እንግዳ ተቀባይዋ ጣቢያው ውስጥ ከአንገቷ ሻሽ አውልቀውባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጆሮዋ ሥር አንዲት ጥቁር ወፍ ክንፏን ዘርግታለች፤ ክንፏ ላይ አንድ ፊደል አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም።»

«ገድለሻል አላልኩም። አልገደልሽም ብዬም አልዋሽሽም። አውሪኝ፣ እሰማለሁ።»

«ፊደሉ የልጄ አባት ነው። ‹ለዓመት ከሆነ ምን አለበት› ብዬ ነው የተነቀስኩት። እሱ በዓመቱ ሄደ፤ ወፏ ግን ይኸው አራት ዓመቷ፣ ንቅንቅ አላለችም!» መሣቅ ይሁን ማልቀስ ያልለየ ድምፅ አወጣች። «ንቅሳተኛው ሁሌ ‹ትንሽ ጠብቂ› ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ወይ ንጹሕ አንገት ወይ ስንብት አለኝ። ትናንት ደሜ ፈላ።»

«ማታ ለምን ተመለስሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው። አፌ ነው እንጂ ክፉ ልቤ አይደለም። በሩ ተቆልፏል፣ ውስጥ መብራት አለ። ሁለት ወንዶች ይነጋገራሉ። ንቅሳተኛው ‹ነገ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ› ሲል ሰማሁ። ሌላኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለነበር አልለየሁትም። ሳላንኳኳ ሄድኩ።»

«ይህን ለኮማንደሩ ነግረሻቸዋል?»

«‹ሌላ ተረት አምጪ› አሉኝ።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። ጥፍሯ አጭር፣ ጣቶቿ ንጹሕ ናቸው። «ልጄ ጎረቤት ናት ጋሼ። ፍርድ ቤት ከቀረብኩ የአባቷ እናት ይወስዷታል፤ ሲጠብቁ የኖሩት ይህን ነው። አንዴ ከወሰዷት የሚመልስልኝ የለም።»

---

የሟች ሚስት በሱቁ መጠበቂያ ክፍል፣ ደንበኞች በሚቀመጡበት ሶፋ ጫፍ ላይ ነበረች። ቀጠሮ የምትይዘው፣ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ። ይህ የዓመት ንቅሳት ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?»

«ይጠፋል ይለን ነበር።»

«ማን?»

«ኬሚስቱ። ሸሪካችን ነው፣ ቀለሙን የሚያመጣው።»

«እርስዎ ጠፍቶ አይተዋል?»

«ደብዝዞ አይቻለሁ።»

«ጠፍቶስ?»

«እንጃ። ባለቤቴ ‹ይጠፋል› ሲል አምነው ነበር። ሰሞኑን ግን እሱ ራሱ እንቅልፍ አጣ። ትናንት አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የፍሬ ጭማቂ ነው፣ ውሃ ነው የሚመስለው። ‹ከእንግዲህ መርፌ የለም፤ ያለ ውሸት የምሸጠው ይሄን ነው› አለኝ። ወደ ቤት ልሄድ ስል ክንዴን ይዞ በብሩሽ አበባ ሳለልኝ። ምንም አይታይም። ‹ቀለም የሌለው አበባ ምን ያደርግልኛል?› ብዬ ሣቅሁበት። ‹ነገ ታዪዋለሽ› አለኝ።»

እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች። ክንዷ ላይ በላጲስ የተፋቀ የእርሳስ መስመር የመሰለ ግራጫ ጥላ ብቻ አለ። መልሳ ሸፈነችው።

«ኬሚስቱ ትናንት መጥቶ ነበር?»

«እኔ እያለሁ አልመጣም። ሲመጣም ጠርሙሱን አስቀምጦ ይሄዳል። እኛ ቤት ሁሉም ጓንት ያደርጋል፤ እሱ ግን ባዶ እጁን ነው ሁሉን የሚነካካ። ባለቤቴ ሁሌ ይቆጣው ነበር።»

---

ኬሚስቱ መጋዘኑ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ ተቀበላቸው። ወፍራም፣ አፈ ጮሌ ሰው ነው።

«በእውነት ኬሚስት ነህ?» አለው መርማሪው።

«ሰዉ ነው እንዲያ የሚለኝ አለቃ። ስም የሚያወጣው ሰው አይደል?»

«ቀለምህ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?»

«በቆዳው ይወሰናል።»

«በማን ቆዳ?»

«ያው፣ ፀሐይም አለ። አመጋገብም አለ። የሰውየው ጠባይም...»

«ጠባይ?» አለች ሳጅኗ። «ቁጡ ሰው ላይ ይቆያል ማለት ነው?»

«የጠፋለት አንድ ሰው ጥራልኝ» አለ መርማሪው። «አንድ ይበቃኛል።»

«የደንበኛ ምስጢር ነው አለቃ።»

መርማሪው ጥርሱን ነከሰ። የማይሸሽ ሰው እንዲህ የሚያለፋ መልስ ከየት ያመጣል?

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ሱቁን ከረገጥኩ ሳምንት አልፎኛል። ሟች ለኔ ወንድሜ ነበር! እጄን እዩት!» ሁለት መዳፎቹን አፍንጫቸው ሥር ዘረጋ። «ይህ እጅ ቀለም ነክቶ ያውቃል፤ በሰው ላይ ተነስቶ አያውቅም።»

መዳፎቹ ታጥበው ጠርተዋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጫፍ ላይ ብቻ ስስ ግራጫ ነገር አለ። ቀለም ነጋዴ እጅ ላይ ግራጫ ነገር ቢታይ ማን ልብ ይለዋል? መርማሪውም አይቶ አለፈው።

«የዓመት ቀለሙ ጠርሙሶች ከጠረጴዛው ጠፍተዋል።»

«ልጅቷ ሰባብራቸው ይሆናላ! ተናዳ አልነበር?»

ማታ ከሥራ መውጫ ላይ ኮማንደሩ ቢሯቸው በር ላይ ያዙት።

«ዛተች፣ መጣች፣ ሞተ። ምኑ ነው የከበደህ?»

«ጠርሙሶቹ።»

«ጠርሙስ አይከሰስም! እስከ ነገ ሥራ መውጫ ሌላ ሰው ካላመጣህ መዝገቧን እልካለሁ።»

መርማሪው ቤቱ ገብቶ ራቱን ሳይነካ ተነሳ። ጠይቆ ጠይቆ ያገኘው «ለቋል ግን አለ»፣ «ደብዝዞ አይቻለሁ»፣ «በቆዳው ይወሰናል» ብቻ ነው። የዘወትር ጸሎቱን አደረሰና መጨረሻው ላይ ከደብተር ያልተማረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። «ጌታ ሆይ፣ አንድ ቀጥ ያለ መልስ እንኳ።»

---

መልሱ በማግስቱ ጠዋት በስልክ መጣ። የአስከሬን ሐኪሙ ነበር።

«ቶሎ ና። ሰውየህ ጠቁሯል።»

«ምን ማለት ነው፣ ጠቁሯል?»

«ና ስልህ!»

ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠው። ትናንት አመድማ የነበረው የሟች ግራ ጉንጭ ላይ አሁን ውሃ የተረጨበት የሚመስል ሰማያዊ ጥቁር ነገር ወጥቷል። በቀኝ እጁ አንጓ ላይም እንዲሁ፤ ከላይ የአራት ጣት፣ ከሥር የአውራ ጣት ዳና። ልብ ትመታ እንደሆነ አንድ ሰው ይዞ የዳበሰው ይመስላል።

«ሰንበር መስሎኝ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ቀዳድጄ ሳየው ከላይኛው ቆዳ አላለፈም። ፈሳሽ ነገር ነክቶት፣ አድሮ ነው የጠቆረው። ደግሞ ይህን እይ።»

የሟች ጭን ላይ በመርፌ የተነቀሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። አሮጌዎቹ ጠርዛቸው ተበትኗል፤ አዲሶቹ ደምቀዋል። የጠፋ ግን የለም።

«ራሱ ላይ ሲሞክር ኖሯል ማለት ነው» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። ከዚያ ሐኪሙን ክንዱን ያዘው። «ዶክተር፣ በሞቴ፣ ‹በቆዳው ይወሰናል› እንዳትለኝ። ዓመት ቆይቶ የሚጠፋ ንቅሳት አለ ወይስ የለም?»

«እኔ አይቼ አላውቅም። ላይ የቀረ ቀለም ቆዳው ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል፤ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት። በመርፌ ከሥር የገባው ደግሞ ይደበዝዛል፣ ይበተናል፣ ግን ድራሹ ይጠፋል ብዬ አልምልልህም። በሁለቱ መሐል ያለውን የፈጠሩት ሻጮች ናቸው።»

መርማሪው ሐኪሙን ሊያቅፈው ምንም አልቀረው።

ኮሪደሩ ላይ የሟች ሚስት አስከሬኑን ልትወስድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሲያያት ፊቷ ልክ አልነበረም። እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ሰማያዊ ጥቁር አበባ ከነቅጠሉ፣ ከነግንዱ ወጥቷል። እያንዳንዷ የብሩሽ ጭረት ትለያለች።

«መጣ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ስነቃ አበባው መጣ። እሱ የለም፣ አበባው መጣ።»

መርማሪው አጠገቧ ቁጭ አለ። ከዚያ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ትናንት ጠዋት ጉንጩን የነኩበትን እጅ ያሳዩኝ» አላት።

ዘረጋችለት። ጣቶቿ ነጭ ናቸው።

«ጉንጩ እርጥብ ነበር?»

«ደርቋል። እንደ ሙጫ ያዝ አደረገኝ እንጂ።»

«ተመስገን» አለ መርማሪው፣ ብድግ ብሎ።

---

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሰበሰባቸው። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ከሳጅኗ ጎን፣ የሟች ሚስት ሶፋው ጫፍ ላይ። ኬሚስቱ መጨረሻ ገባ። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሳጅኗ።

«የመኪና በር ዘጋብኝ እቴ። መከራ ሲመጣ ተያይዞ ነው።»

«አጭር አድርገው» አሉ ኮማንደሩ።

«አሳጥራለሁ» አለ መርማሪው። «በጠርሙሶቹ ልጀምር። ይህች ልጅ ተናዳ ገደለች ተባለ። የተናደደ ሰው ጠርሙስ ቢያገኝ ይሰብራል። እዚህ ግን ቅንጣት ስባሪ የለም። የዓመት ቀለሙን ጠርሙሶች አንድ ሰው እየለቀመ ወስዷቸዋል። ለምን? አንድ ሰው ቢመረምራቸው ተራ ቀለም ሆነው እንዳይገኙ።»

«ይሄ ግምት ነው!» አለ ኬሚስቱ።

«ነው፤ ታገሠኝ። ንቅሳተኛው ሲመታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ አዲሱ ጠርሙስ ተደፋ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ክብ ክብ ባዶ ቦታ የሚነግረን ጠርሙሶቹ የተነሱት ፈሳሹ ገና እርጥብ ሳለ መሆኑን ነው። ስለዚህ የለቀማቸው ሰው እጁ ርሷል። በዚያው እርጥብ እጁ የሟችን አንጓ ይዞ ልቡ ትመታ እንደሆነ ዳብሷል። ዳናው እዚያ አለ። ጓንት አላደረገም፤ ካርቶኑ አጠገቡ ሞልቶ ሳለ። እዚህ ቤት ባዶ እጁን የሚነካካ ማን ነው?»

የሟች ሚስት ቀና አለች።

«አሁን ፈሳሹ። ሲነኩት ውሃ ነው። እጁን የታጠበ ሰው ‹ነጻሁ› ብሎ ይሄዳል። እህቴ፣ ከፈቀዱ...»

ሚስቲቱ ክንዷን ገለጠች። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

«ይህ የተሳለው ሟች በሞተበት ዕለት ነው። ትናንት ጥላ ነበር፤ ዛሬ ይኸው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሲያድር ነው የሚጠቁረው። ከደረቀ በኋላ ግን የነካውን ሰው አይዝም፤ እሷ ጠዋት ጉንጩን ዳብሳ ጣቷ ነጭ ነው። እንግዲህ ዛሬ ጣቱ የጠቆረ ሰው፣ የነካው ማታ፣ ገና ሲፈስ ነው ማለት ነው። ልጄ፣ እጅሽን።»

እንግዳ ተቀባይዋ አሥር ጣቶቿን ዘረጋች። ንጹሕ ናቸው።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እኛ እጅ ናት፤ የደበቀችው ነገር የለም። አሁን ፋሻውን ፍታው።»

«ቁስል ነው ስልህ! ደም ይፈሳል!»

«ሐኪም ይዘናል» አለች ሳጅኗ።

«በሕግ አምላክ...»

«ፍታው እንጂ ምን ያስፈራሃል!» ብላ ጮኸች እንግዳ ተቀባይዋ። «በዓመቱ ይጠፋ የለ!»

ሐኪሙ ፋሻውን ተረተረው። ቁስል የለም። የአራቱ ጣቶች ሆድና መዳፉ ሰማያዊ ጥቁር ሆነዋል፤ በሳሙና ብዛት ዙሪያው ቀልቷል እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ... ይሄ የራሴ ነው!» አለ ኬሚስቱ። «የዓመት ንቅሳቱን ራሴ ላይ ሞክሬው ነው! ድሮ ነው፣ አምና!»

መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ፈገግ አለ።

«አምና ከሆነ ትናንት የት ነበር? አፍንጫዬ ሥር ዘርግተህ ‹እጄን እዩት› ያልከኝ አንተ ነህ። ጣትህ ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር ነበረ፤ የቀለም ነጋዴ እጅ ነው ብዬ ናቅሁት፣ ጥፋቱ የኔ። በመርፌ የተነቀሰ ደግሞ ያኔውኑ ይታያል እንጂ አድሮ አይወጣም። ዕድሜህን ሁሉ የሸጥከው ወዲያው የሚታይ ቀለም ስለሆነ፣ ያልታየህን ነገር የሌለ መሰለህ።»

ኬሚስቱ ጥቁር እጁን አየው። ከዚያ ወንበሩ ላይ፣ ደንበኞች በሚጋደሙበት ላይ፣ ዘጭ አለ።

«ሱሪውን ሰብስቦ ጭኑን አሳየኝ» አለ። «‹እይ፣ አንዱም አልጠፋም› አለኝ። ‹ነገ ሁሉንም ጠርቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንተም አብረኸኝ ትቆማለህ› አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በስሜ የሚከፈት ሱቅ አለኝ። ምስሌ መንገድ ላይ ተሰቅሏል። ‹ተወው› ብለው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ዞረ። ድስቱ እጄ ላይ ነበር። ወዲያው ይነሳል ብዬ እጁን ያዝኩት... ልቡ አትመታም።»

ሚስቲቱ ፊቷን አዞረች።

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ትናንት አትነግረኝም ነበር?» አሉት ኮማንደሩ መርማሪውን፣ ንዴታቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው።

«ትናንት ገና አልወጣም ነበር፣ ጌታዬ።»

ኬሚስቱ ከተወሰደ በኋላ እንግዳ ተቀባይዋ ሻሿን ተቀብላ በመስታወቱ ፊት ቆመች። ልታስረው ጀምራ ተወችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔው... ይጠፋል?»

መርማሪው ወፏን አየ። «አይጠፋም ልጄ።»

ትከሻዋ ወረደ። ግን ራሷን ነቀነቀች። «በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቀጥ አድርጎ ነገረኝ። ለአለቃዬም እንደዚሁ ቀጥ አድርጌ እነግረዋለሁ፤ የፈለገውን ያድርግ።» ሻሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልጇ ወዳለችበት ጎረቤት በሩጫ ወጣች።

ሱቁ ባዶ ሆነ። ሳጅኗ መብራት ልታጠፋ ስትል ሚስቲቱ ከሶፋው ሳትነሳ መርማሪውን ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ሐኪሙን ጠይቀውታል አሉ።» ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ይዛዋለች፣ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው። «የኔውስ? ይቆያል?»

መርማሪው አፉን ከፈተ። መልሱን ያውቀዋል፤ ሐኪሙ «ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት» ብሎ አጥርቶ ነግሮታል። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህች ጥያቄ ስንቱን ሰው አስጨነቀ፣ ስንቱን ተቆጣ።

«እንግዲህ...» አለ፣ ዓይኑን ከአበባው ላይ አንስቶ። «በቆዳው ይወሰናል።»

እሷም እጅጌዋን፣ እንዳይነካው ተጠንቅቃ፣ ቀስ ብላ አወረደችው።